ደብዳቤ ላልደረሳቸው

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቴይፊ ወንዝ ደፍርሶ
ከድልድዩ ሥር ያጉረመርማል፣ ያደረውን ዝናብ ጎርሶ።
ዘጠኝ ሆነን መጣን፣ በዘጠኝ ጥንድ ጓንት፣
በሁለት ማጭድ፣ ጭቃው ባልደረቀ ቦት።
ፊሽካው የመረሪድ ነው፤ አስተማሪ ነበረች፣
ዛሬም በቁመታችን ታሰልፈናለች።
«ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ይመዘዛል እንደ ውሸት፤
ከታችኛው አንጓ በላይ ግን እንዳትሰብሩት፣
በሳምንቱ ቆሞ ነው የምታገኙት።»

አበባው ያምራል። ይህን መካድ አይቻልም፤
ሮዝ ነው፣ እንደ ቆብ የተደፋ፣ ሽታው የሳሙናም የማርም።
ግንዱ ቀይ፣ ባዶ ቱቦ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፤
ቀጭ ሲል ውኃው ክንድ ላይ ይረጫል፣ እንደሚያላግጥ።
ብርዱ ሲገባ ይሞታል፤ ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣ፤
ከሥሩ ሣር አላስተረፈ፣ ዳሩ ራቁቱን ነው ጎርፍ ሲመጣ።
አፈሩ ወርዶ ይተኛል፣ ሳልሞን ዕንቁላሉን በጣለበት ጠጠር ላይ፣
አንድም ዓሣ ሳይፈለፈል፣ ዓይኑን ከፍቶ ውኃ ሳያይ።

ፑርኒማ የሆስፒታሉ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ፤
ሳትተኛ ነው የመጣችው፣ ዓይኗ እስኪቀላ ድረስ።
«እኛ ጋ፣ ኔፓል ተራራ ላይ፣ ይህ ተክል ምንም አይደለ፤
ፍየል አለ፣ ትል አለ፣ ቅጠሉን የሚመታ ዋግ አለ።
እናቴ ዘሩን ቆልታ፣ ጨው ነስንሳ ትሰጠን ነበር» አለች፤
አንዱን ግንድ እንደ ዘመድ ልጅ አየችው፣ ከዚያ ነቀለች።

ንብ አርቢው ኤልዊን ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።
«መስከረም ላይ ንቦቼ ምን ይብሉ?» ይላል፣
ዓምናም ብሏል።
ንቦቹ ከአበባው ሲወጡ ነጭ ነው ጀርባቸው፣
ዱቄት ቤት የገቡ ይመስል። መልስ የለንም፤ ነቀልን፣ እዚያው ፊታቸው።

ኢድዋል ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ የሚቀድመው ግን የለም።
ለሻይ ስንቀመጥ አይቀመጥም፤
ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ
ብቻውን ይነቅላል፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ።

ዓምና ነበር የነገረን፣ ከጸሎት ቤቱ ግንብ ሥር፣ ዝናብ ስናሳልፍ፤
ማንም አልጠየቀውም። እንዲሁ ጀመረ፣ እያየ ወደ ደጃፍ፦

«ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስተኛ ነበርኩ በዚህ ሸለቆ፣
ከላይኛው ወፍጮ እስከ ድልድዩ፣ ማንገቻው ትከሻዬን አድቅቆ።
ደብዳቤ ያለው ቤት በሩ ቀድሞ ይከፈታል፤
ደብዳቤ የሌለው ቤት መጋረጃው ገለጥ ይላል፣
ፊት ይታያል፣ ከዚያ መጋረጃው ይመለሳል።
ወይዘሮ ፓሪ ነበረች። ልጇ መርከበኛ፤ አንድም ቀን አልጻፈም።
ባዶ እጄን በበሯ ማለፍ ከበደኝ፤ የምሰጣት ግን የለኝም።
ዘር ሞላሁ ኪሴን፣ ከባቡር ጣቢያው አትክልት ቦታ፤
በበሯ ሥር በተንኩላት፣ ሳታየኝ፣ አንድ ማታ።
በዓመቱ መጋረጃዋን ከፈተች። ሮዝ ነበር ደጇ በሙሉ።
ከዚያ ሌላም ቤት፣ ሌላም ቤት፣ ደብዳቤ ላልደረሳቸው ሁሉ።»

ዝም አልን።
ፑርኒማ ጓንቷን አጠለቀች፤
«የመጀመሪያው ቤት የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዘንድሮ ከዚያ ጀመርን። ወንዝ የሚጸዳው ከራሱ ነው፤
የታቹን ልፋት ከላይ የፈነዳ አንድ ፍሬ ነው የሚያፈርሰው።
የወይዘሮ ፓሪ ቤት ጣሪያ የለውም፤ መስኮቱ ውስጥ ዛፍ በቅሏል፤
ኢድዋል አልገባም። ከደፉ ሥር ተንበርክኮ ጠዋቱን ሙሉ ነቅሏል።

ማታ፣ ሳንለያይ፣ ሕግ ነው፤ ቦት ጫማ ይጠረጋል፣
የሱሪ እጥፋት ይፈተሻል፣ ኪስ ሁሉ ይገለበጣል።
ከኢድዋል አሮጌ የፖስታ ቤት ካፖርት፣ ከተቀደደው ገበር፣
አንዲት ዘር ወጣች፤ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ነገር።
ዘሩ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። የዚህች ስንት ይሆን? አርባ?
መረሪድ የማቃጠያውን ቆርቆሮ አቀረበችለት፣ ምንም ሳትል።
ኢድዋል ግን መዳፉ ላይ አገላበጣት፣
አድራሻ የሚያነብ ይመስል።